የሚፈሰው ውሃ ይቆም ነበር

«በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን የሚሄድ ሰው፣ የሚፈስ ውሃ ይቆማል እያሉ አሳደጉን። ይህን ቃል ለመጥራት ሹመት አያስፈልግም ነበር፤ ጋሻና ጦርም አያስፈልግም ነበር። እረኛው በጌታው ላይ፣ መበለቲቱ በጭቃ ሹሙ ላይ፣ መንገደኛው ስሙን በማያውቀው ሰው ላይ ይጠራው ነበር። የተጠራበትም ሰው ያነሣውን በትር ሳያሳርፍ ይቆማል፤ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ ደግሞ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ከሳሹም ተከሳሹም አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ከአጠገቡ አይርቅም። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ ሰንሰለት የተረፈ ቃል ነው።

ያን ዘመን አላጸድቀውም። በሌባ ሻይ ስም ብላቴና አደንዝዘን ለቀናል፤ ብላቴናው በወደቀበት ደጅ የተገኘውንም ንጹሕ ሰው ሌባ ብለን አሥረናል፤ እጅ ቈርጠናል፤ ጀርባ ተልትለናል። ነገር ግን አንድ ነገር እናውቅ ነበር፤ የሚታሠር ሰው ከሰው ጋር ይታሠራል። ያሠረ እጅ የታሠረውን ነፍስ ይጠየቅባታል። ይህን ነው የረሳነው። ስለዚህም ነው ከዳንግላ ሆኜ ይህን የምጽፈው፤ ለእናንተም፣ ከእናንተ ይልቅ ለራሴ።

ውሃው ይቆም ነበር። ኮረንቲው ግን አልቆመም።

በብዙ አገር ፖሊሶች በወገባቸው የሚታጠቁት ቴዘር የሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። ሁለት ቀጫጭን መርፌዎችን ከነሽቦአቸው ይወነጭፋል፤ መርፌዎቹ ሥጋ ሲነክሱ ኮረንቲው በሰውየው ገላ ይሮጣል፤ ጡንቻው ይቈለፋል፤ እንደ ተገነደሰ ዛፍ ይወድቃል። ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አምስት ሰከንድ ሠርቶ እንዲያበቃ ተደርጎ ነው የተበጀው። ጥይትን ይተካል፣ ነፍስን ያተርፋል ተብሎ መጣ፤ ያተረፈበትም ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሮይተርስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ በአሜሪካ ብቻ ፖሊስ ይህን መሣሪያ ከተጠቀመባቸው በኋላ የሞቱ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ቈጥሯል። ሁሉንም ኮረንቲው ብቻውን ገደላቸው አይባልም፤ የታመመ ነበረ፣ የተደበደበም ነበረ። ሁሉም ግን በሕግ እጅ ሥር ሳሉ የወደቁ ናቸው። በእንግሊዝ አገር የአስቶን ቪላ ክለብ ተጫዋች የነበረው ዳልያን አትኪንሰን እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2016 በአባቱ ቤት ደጃፍ በፖሊስ ተመታ። ለአምስት ሰከንድ የተበጀው መሣሪያ 33 ሰከንድ ሳይቋረጥ ነደደበት፤ ከወደቀም በኋላ ራሱን በጫማ ተረገጠ፤ ሞተ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2023 በመጦሪያ ቤት የምትኖር፣ በመደገፊያ የምትራመድ የ95 ዓመት አሮጊት በዚሁ መሣሪያ ተመትታ ወድቃ ሞተች።

እነዚያ አገሮች ከኃጢአት የነጹ አይደሉም። ግን ሰከንዱን ቈጠሩ። አስከሬኑን መረመሩ። በእንግሊዝም በአውስትራሊያም መሣሪያውን የሳበውን ፖሊስ ችሎት ፊት አቁመው ጥፋተኛ ነህ አሉት፤ የእንግሊዙንም ስምንት ዓመት ፈረዱበት። እኛ ማንን ቈጠርን?

ስለ ወገኖቻችንም ላስታውሳችሁ። ከአገራችን ወጥተው እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል ልጆች አንዱ፣ የ22 ዓመት ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በፖሊሶች እጅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተመታ፤ ታሠረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ፤ ቤተ ሰቡ ግን ፖሊስን ተጠያቂ አደረጉ። በተከታዩ ዓመት ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን በሺህ ሆነው አደባባይ ሲወጡ የእርሱም ስም ከተጠሩት ስሞች አንዱ ነበር። እኛም እዚህ ሆነን ሰማን፤ አዘንን፤ ቆዳው ስለ ጠቈረ ነው አልን። እውነትም አለበት። ቆዳው እንደ ቆዳችን፣ አፉ እንደ አፋችን የሆነ ልጅ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ወንድሙ እጅ ሲመታስ ምን አልን?

ዝም አልን።

ኮረንቲ ለአገራችን እስረኛ እንግዳ አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተወካዮች ምክር ቤት ቆመው፣ ሰውን በጨለማ ቤት መወርወርና ማሠቃየት የመንግሥት የራሱ ሽብር እንደ ነበረ በአንደበታቸው ተናገሩ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በእስረኞች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ለሕዝብ ሲዘረዝሩ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ያን ዕለት በየቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አለቀስን። የማዕከላዊ እስር ቤት ተዘጋ ሲባልም እልል አልን፤ ግፍ በግንብ ውስጥ እንጂ በልብ ውስጥ የማያድር ይመስል ግንቡ ሲዘጋ ግፉ የተዘጋ መሰለን። ከዚያም ሻያችንን ጠጥተን ተነሣን። ያ እንባችን ንስሐ አልነበረም፤ ፊታችንን ያጠብንበት ነበር።

ከዚያ በፊትስ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በሌሊት 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከእስር ወጥተው፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ በነጋታው ራዲዮኑ ሲነግረን ያጨበጨብንም ነበርን። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእስር ሳሉ አረፉ ተባለ፤ አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጥቶ በክብር እስኪቀበር ድረስ ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ታሥረው ሳሉ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። በቀይ ሽብር ዘመን እናት ስንቅ ይዛ ከወህኒ በር ስትደርስ «ከእንግዲህ አታምጪ» ይሏት ነበር፤ የልጇ መርዶ ያች ቃል ብቻ ነበረች። እስረኛን ቈልቍሎ አንጠልጥሎ ውስጥ እግሩን መግረፍን «ወፌ ላላ» ብለን ስም አወጣንለት፤ የልጆች ጨዋታ ይመስል! በ1998 ዓ.ም. በቃሊቲ እስረኞች በጥይት ወደቁ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሲነድድ 23 እስረኞች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ ተናገረ፤ 21ዱ በጭስና በመረጋገጥ፣ ሁለቱ ሊያመልጡ ሲሉ ነው ተባለ። ንጉሥ ቢሆን፣ ጳጳስ ቢሆን፣ የቀን ሠራተኛ ቢሆን፣ በእጃችን ገብቶ ያለ ጠያቂ የሞተው ሰው በየመንግሥቱ ዘመን አንድ ነው። መንግሥት ተለዋወጠ። እኛ አልተለወጥንም።

አሁን ደግሞ ወደ ደጃችን ልምጣ።

መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ማግስት፣ የደመራው ዐመድ ገና ከግንባራችን ሳይጠፋ፣ በአማራ ክልል የጅምላ እስር ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደ ዘገበው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተይዘው በአራት ታላላቅ የማጐሪያ ሥፍራዎች ታጐሩ፤ ከአራቱ አንዱ ዳንግላ ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወራት የቈጠሩ፣ መምህራንና የሕግ ሰዎች ጭምር የነበሩባቸው እስረኞች የከተማችንን ስም ከሰንሰለት ጋር አብረው ተማሩት። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያልፈው መንገደኛ በማሯና በገበያዋ ያውቃት የነበረችው ዳንግላ፣ በሩቅ አገር መዝገብ ላይ የእስረኛ ሥፍራ ተብላ ተጻፈች። ከአጥሩ ወዲያ ማን ታመመ? ማን መድኃኒት አጣ? ማን ጮኸ? ስንቶቻችን ሄደን ጠየቅን? ስንቱ ካህን መስቀሉን ይዞ፣ ስንቱ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ከበሩ ቆመ? ፈራን። ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም፤ ጥይት የሚተኰስበት ዘመን ነውና። ፍርሃት ግን ከቀን በኋላ ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ሲቈይ ፈቃድ ይሆናል።

ሕግ አላጣንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ ይጠብቀናል፤ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ተገድዶም የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 21 እስረኛውን ቤተ ሰቡ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ይጐብኙት ይላል፤ በአንቀጽ 28 ሰውን ማሠቃየትን የመሰለ ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተያዥን የሚመታውን ሹም ይቀጣል። ሥቃይን የሚከለክለውንም ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1986 ዓ.ም. ተቀብለናል። ሕጉ በመጽሐፍ አለ። «በሕግ አምላክ» የሚለው አፍ ነው የጠፋው።

ይህ አፍ ደግሞ በጣቢያ ውስጥ አልተዘጋም፤ ከጣቢያው በፊት ተዘግቷል። ልጃችንን ቃል ሳንጠይቅ የመታን ወላጆች፣ ተማሪውን በአርጩሜ ያስተማርን መምህራን፣ በገበያ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ምን እንደ ሰረቀ ሳናውቅ ድንጋይ ያነሣን ነጋዴዎችና ሸማቾች፣ ደሙ የሚፈስሰውን ልጅ በግማሽ ነፍስ ለፖሊስ አስረክበን ደግሞ ማታ ሲሞት ፖሊስን ያማን፣ እርቅ ስናወርድ ስለ ከብትና ስለ ድንበር ተከራክረን ስለ ታሠረው ልጅ ገላ ሳንጠይቅ የተመረቅን ሽማግሌዎች፣ ሰንበልጡን አንጥፈን ደጀ ሰላሙን ጠርገን ከደጀ ሰላሙ በታች ያለውን የወህኒ በር ያልረገጥን ካህናት፣ የተቃጠለ ቆዳ እያየን በመዝገብ ላይ ድንገተኛ ሕመም ብለን የጻፍን ሐኪሞች፣ አንካሳ ሆኖ ችሎት የገባውን ተጠርጣሪ ስለ እግሩ ሳንጠይቅ 14 ቀን ተጨማሪ የፈቀድን ዳኞች፣ ሰው ከወገናችን ሲሆን የጮኽን ከጠላታችን ሲሆን «ደግ አደረጉ» ያልን ጸሐፊዎችና ተናጋሪዎች፣ ሁላችንም ያን አፍ በየተራ ዘግተነዋል። ፖሊሱ ከሰማይ አልወረደም። ከመካከላችን ወጣ። እኛ ያሳደግነው ልጅ ነው።

እኔም አለሁበት። አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ከተማ፣ ቀን ሲመሽ በአንድ ጣቢያ አጥር ሥር ሳልፍ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ቆምሁ። ከሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው አየኝና «ሌባ ነው፤ ትናንት ነው የያዙት» አለኝ። ያች አንዲት ቃል አሳረፈችኝ። ሰው ይጮኻል ብዬ ቆሜ ነበር፤ ሌባ ነው ሲሉኝ እግሬ ተፈታ፤ ሌባ ሰው ያልሆነ ይመስል። ያ ልጅ ከዚያ ግቢ በእግሩ ይውጣ በቃሬዛ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። በሩ አልተቈለፈም ነበር። ዘበኛውም አልከለከለኝም። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ አያቴ አስተምረውኛል። አልጠራሁትም።

ወገኖቼ፣ የሚያስተኛንን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአንዱ ሌባ ነው፤ ለአንዱ ጽንፈኛ ነው፤ ለአንዱ ባንዳ ነው። ስሙን ከለጠፍንበት በኋላ ገላው ኮረንቲ አይሰማውም ብለን እናምናለን። የአገው ፈረሰኛ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣ ሰው ነው፤ ከግንድ የታሠረ ፈረስ ሲደበድብ ቢታይ በሰባት ቤት አገው ፊት ያፍራል። የታሠረ እንስሳ አይመታም እንላለን። የታሠረ ሰው ሲመታ ግን «ምን አድርጎ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ስንጠይቅም ፈርደናል።

በየዓመቱ ሰሙነ ሕማማት ይመጣል። ጥቁር እንለብሳለን፤ ዐሥራ ሦስቱን ሕማማተ መስቀል እየቈጠርን ጕልበታችን እስኪላላጥ እንሰግዳለን፤ ዓርብ ማታ ጥብጣባችንን ተቀብለን ወደ ቤታችን እንገባለን። የምንቈጥረውን አስተውለነዋል? ተአስሮ ድኅሪት፣ እጅን ወደ ኋላ መታሠር ነው። ተጸፍዖ መልታሕት፣ ፊትን በጥፊ መመታት ነው። ተኰርዖተ ርእስ፣ ራስን በዘንግ መመታት ነው። ተቀሥፎ ዘባን፣ ጀርባን መገረፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ገና ሳይሰቀል፣ በጠባቂዎች እጅ ሳለ የሆኑ ናቸው። የምንሰግድለት ጌታ በእስር ላይ የተደበደበ ነው። በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ለመታው ሎሌ የመለሰለት ምን ነበር? ጥፋቴን መስክር፣ ጥፋት ከሌለብኝም ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ሕግን ጠየቀው። «በሕግ አምላክ» ማለት ይህ ነው፤ የሕግ አምላክ ራሱ በታሠረ እጁ ጠራው። የቆመለት አልነበረም።

እኛስ ቆመናል? ዓርብ እንሰግዳለን፤ ሰኞ በአጥሩ ሥር እናልፋለን።

በመስጊድ የሚሰግደው ወንድማችንም አማና ምን እንደ ሆነ ከእኛ ሳይማር ያውቃል፤ እምነት የተጣለበትን የበላ ሰው በፈጣሪው ፊት እንደሚቆም ያውቃል። እጁ የታሠረ፣ በሩ የተቈለፈበት፣ ስንቁን ሰው ካላቀበለው የማይበላ፣ ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ካልሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ አደራ በምድር ላይ የት አለ? ወንጀለኛም ቢሆን አደራ ነው። ነፍሰ ገዳይም ቢሆን አደራ ነው። ሕጉ የሚፈርድበት በሕይወት ሲደርስ ነው፤ በመንገድ ከገደልነው ለተበዳዩም ፍርድ ነፈግነው።

እንግዲህ እንመለስ። ንስሐ ከንፈር መምጠጥ አይደለም፤ እግርን ማንሣት ነው። አንተ የፖሊስ ልብስ የለበስህ ልጄ፣ የታሠረን ሰው ምታ ብሎ የሚያዝህ አለቃ በሕግ ፊት አይሸፍንህም፤ ቃታውን ስትስብ ሰከንዱን የሚቈጥር አምላክ አለ። አንተ ዳኛ፣ የተያዘው ሰው ፊትህ ሲቀርብ ከክሱ በፊት ገላውን ጠይቅ፤ ሸሚዙን ያውልቅ፣ እግሩን ያሳይ። አንተ ሐኪም፣ ያየኸውን ጻፍ፤ ሙት አይናገርም፤ ያለ አንተ እጅ ምስክር የለውም። አባቶቼ ካህናት፣ ሕገ መንግሥቱ ወደ እስረኛው እንድትገቡ ይፈቅዳል፤ ግቡ፣ ቍጠሩ፣ ስትወጡም ቍጥሩን ለምእመኑ ንገሩ። ሽማግሌዎች፣ ስለ ድንበር የምትቀመጡበት ዋርካ ሥር ስለ እስረኛውም ተቀመጡ። ሹማምንት፣ በእጃችሁ ሥር ነፍስ ባለፈች ቍጥር ከገዳዩ መሥሪያ ቤት ውጪ ያለ መርማሪ ይግባ፤ ውጤቱም በአደባባይ ይነበብ። እናቶች፣ ስንቅ ይዛ ከበር የምትቆመው ሴት ብቻዋን አትቁም፤ የልጇን ስም ባታውቁትም አጠገቧ ቁሙ። በገበያ «ሌባ!» ሲባል ድንጋይ የሚያነሣ ሺህ ሰው አይጠፋም፤ ቃሉን የሚጠራ አንድ ሰው ይገኝ።

እኔም ወደዚያ አጥር እመለሳለሁ። ዓመታት ስለ ዘገየሁ የምጠይቀው ልጅ ምናልባት የለም። በዚያ ግቢ ግን ዛሬም የታሠረ ሰው አለ፤ ከእርሱ ጋር የተቆራኘሁ ነኝ፤ ሰንሰለቱን ባላየውም እግሬ ላይ ነው።

ግልገል አባይ ከሰከላ ወርዶ ወደ ጣና ይፈስሳል፤ ስለ እኛ የቆመበት ቀን የለም። አባቶቻችን ውሃ ይቆማል ሲሉ ስለ ወንዝ አልተናገሩም፤ ስለ እኛ ነው የተናገሩት። ሰው የሰማውን ጩኸት ትቶ አያልፍም ብለው አመኑብን።

አልፈናል። እንቁም።